የአንድ ሞፈር ርቀት

አሰላ ውስጥ ስሜን የማያውቅ ሰው እንኳ ሥራዬን ያውቃል። «ውሻ የምታነሳዋ» ይሉኛል። መንገድ ዳር ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ አንዱ ሌላውን በክርኑ ጎሸም አድርጎ ሲያሳየኝ አያለሁ። መጀመሪያ ላይ ደሜ ይፈላ ነበር። ሠርግ አነሳለሁ፣ ምርቃት አነሳለሁ፣ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለሰው የታየው ውሻው ብቻ ነው? አሁን ግን ለምጄዋለሁ። ግመሉም ይሄዳል ውሻውም ይጮሃል ብዬ አልፋቸዋለሁ፤ እኔ ከየትኛው ወገን እንደሆንኩ ግን እስካሁን አልገባኝም።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ሐኪም ነው። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ከአንዲት ጥቁር ውሻ ጋር ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር። ዝውውር ደርሶት ውሻዋን ለጎረቤት ትቶ ሊሄድ ሲል «ፎቶዋን እንኳ ይዤ ልሂድ» ብሎ ስቱዲዮዬ ይዟት መጣ። መብራቱ ቦግ ሲል የጀርባውን መጋረጃ ተጠቅልላ በሩን ጥሳ ወጣች። በማግስቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የስንዴ ማሳ ዳር ወሰድናት፤ እኔም ሌላ ዘዴ ሲጠፋኝ በደረቴ ተኝቼ ዝም ብዬ ጠበቅኳት። ብዙ ቆይታ ረሳችኝ። አንገቷን ቀና አድርጋ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደውን ነፋስ ስታሸት ያየሁትን ፊት እስከዛሬ አልረሳሁትም። ተወልጄ ያደግኩት ውሻ በሞላበት ሰፈር ነው፤ ግን ከዚያ ቀን በፊት ውሻ አይቼ የማውቅ አልመሰለኝም።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ድረስ ውሻቸውን በመኪና ጭነው የሚመጡ አሉ። ሁሉንም እንደዚያች ጥቁር ውሻ ነው የማነሳቸው፤ ሜዳ ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ ከሩቅ፣ በረጅሙ ሌንስ። ውሻ አልጠራም፣ ሥጋ አላሳይም፣ ዓይን ለዓይን አላይም። ተኝቼ እጠብቃለሁ። ልብሴ ጭጎጊት በጭጎጊት ሆኖ ስመለስ እናቴ «ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?» ትለኛለች። እሷ አስተማሪ ሆና ተመድባ የመጣች የጎጃም ሰው ናት፤ ውሻ የሚባል ነገር ከአጥር ውጭ ካልሆነ አይጥማትም።

ሽማግሌው የመጡት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከሳጉሬ ወዲያ ካለ ገጠር፣ ከምራታቸው ጋር ነበሩ። እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ ጥቁር የላስቲክ ቦት አድርገዋል፤ ስቱዲዮዬ በር ላይ ቆመው ጭቃውን በእንጨት እየፋቁ ብዙ ቆዩ።

«ሰሬ… ውሻ የምታነሳው ልጅ አንቺ ነሽ አሉ?» አሉኝ፣ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ እየጨረሱ።

«እኔ ነኝ አባባ። ይግቡ፣ ጭቃው ግድ የለም።»

ገብተው ግድግዳዬ ላይ የተሰቀሉትን የአዲስ አበባ ውሾች አንድ በአንድ አዩ። ፀጉራቸው የተበጠረ፣ አንገታቸው ላይ ያማረ ማሰሪያ ያለ ናቸው። «የኔ እንደዚህ አይደለም» አሉ። «ጆሮው የተቆረጠ ነው። አንገቱን ደግሞ ጅብ ነክሶታል፣ በጎቹን ሊያስጥል ሲል። ያን ጊዜ ነው መሞት የነበረበት። አሁን የእንስሳት ሐኪሙ ሆዱ ውስጥ እባጭ አለ፣ በልግን አያይም አለኝ።»

«አይዞዎት» አልኳቸው። ለውሻ እንዲህ ይባል እንደሆነ አላውቅም፤ ሌላ ግን አልመጣልኝም። «ስሙ ማን ነው?»

«ውሻ ነዋ።»

ምራታቸው ሳቀች። «ኩቲ ነው የምንለው» አለችኝ። «ግን ሁሉንም ኩቲ ነው የምንለው።»

«ዓይኑ እንዲታይ ነው የምፈልገው» አሉ ሽማግሌው። «ትልቅ አታድርጊው። ግድግዳ ላይ አልሰቅለውም፤ ሥዕል ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም። ሳጥኔ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ሲሄድብኝ አልፎ አልፎ ከፍቼ አየዋለሁ።» ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ነበር። እኔ ደግሞ ሥራ ያገኘሁ መስዬ ስልኬን መነካካት ጀመርኩ።

በሳምንቱ ሄድኩ። እስከ ሳጉሬ በሚኒባስ፣ ከዚያ በጋሪ፣ ጋሪው ጭቃው ውስጥ ሲቆም ደግሞ በእግሬ። ግቢው ስደርስ የጠበቀኝ ውሻ የለም። የገጠር ውሻ እንግዳ ሲመጣ ዝም ካለ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ምራታቸው ረጅም መጥረጊያ ይዛ በር ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«አጠብኩት» አለችኝ፣ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ።

«ምን?»

«ፎቶ ሊነሳ አይደል? ትናንት በሞቀ ውኃና በሳሙና አጠብኩት። በእጄ አልነካሁትም፣ በዚህ መጥረጊያ ነው ያሸሁት። ከሠርጌ የቀረ ቀይ ሪባን ነበረኝ፣ እሱን በዘዴ አንገቱ ላይ አሰርኩለት። ዝም ብሎኝ ነበር እኮ! እየተንቀጠቀጠ ዝም አለኝ። ስለቀው ጫካውን ይዞ ሄደ። አልመጣም። አልበላም።»

በሥራ ዘመኔ ሳይታጠብ ካሜራ ፊት የቀረበ አንድ ሰው አላየሁም። ስቱዲዮዬ ውስጥ ለጉርድ ፎቶ የማውሰው ኮትና ክራቫት ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይኖራል፤ ኮሌታው በሰው ሁሉ አንገት አልቋል። እዚህ አገር ፎቶ ማለት ሰው ከነክብሩ የሚቀመጥበት ነገር ነው። እሷም ውሻውን አከበረችው። እንደ ሙሽራ አጥባ፣ አስጊጣ፣ አከበረችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳልል እንኳ፣ ያፈሰሰችው በፍቅር ነው።

ሽማግሌው ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ገና ሲያዩኝ ተነሡ፤ እጄን ያዙኝና ወዲያው ለቀቁኝ።

«ውሻ ሞቱን ሲያውቅ ከሰው ይርቃል ይላሉ» አሉኝ። «ከሆነ ይሁን፣ የአላህ ነው። ፎቶውም ይቅር፣ ቀረ ብዬ አልሞትም። ተቀይሞ ሄዶ ከሆነ ግን…»

በጎቹ መውጣት ነበረባቸው፤ ውሻ ጠፋ ተብሎ በግ አይጦምም። ሽማግሌው ትንሽ ጀሪካን ውኃና መስገጃቸውን ይዘው ከኋላቸው ወጡ፣ እኔም ከነቦርሳዬ ተከተልኩ። ዳገቱ በገብስ ማሳዎች መካከል ያልፍና ሲያልቅ ሣር ሜዳ ይሆናል፤ ከሜዳው በላይ የአስታ ቁጥቋጦ ነው፣ ከአስታው በላይ ጉም። ጭላሎ እዚያ ውስጥ የሆነ ቦታ አለ። ሽማግሌው በየጥቂቱ እየቆሙ «ኩቲ! ኩቲ! ኮቱ፣ ና!» ይላሉ። ድምፃቸው ጉሙ ውስጥ ይገባል፣ ምንም ተመልሶ አይመጣም። እኔ ሜዳው ላይ ጭረት፣ ደም፣ የጅብ ኮቴ ስፈልግ ራሴን አገኘሁት፤ በልቤ ሞቶ እንዳናገኘው እየለመንኩ ነበር። ለማላውቀው ውሻ!

በጎቹ ሲረጋጉ ተቀመጥን።

«እጄ ነክቶት አያውቅም» አሉ ሽማግሌው። «ከቡችላነቱ ጀምሮ። ቤቴ አይገባም፣ እኔም አልነካውም። እኛ ዘንድ እንደዚያ ነው። እሱም ያውቃል። ስሄድ ከኋላዬ ይሄዳል፣ ስቆም ይቆማል። ከዚህ እስከዚያ ድንጋይ።» በእጃቸው ያሳዩኝ ርቀት አንድ ሞፈር ቢሆን ነው። «ከዚያ አያልፍም። ከዚያም አይርቅም። ጅብ የነከሰው ቀን እንኳ ደሙ እየፈሰሰ እዚያው ላይ ተኛ። ጨው በውኃ በጥብጬ ከሩቅ ደፋሁበት። ጮኸ፤ ግን አልሸሸም።»

«ታዲያ አሁን ለምን ሸሸ?»

«ሳሙና እኮ ነው!» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «እኔም ብሆን እሸሻለሁ።» ፈገግታው ቶሎ ጠፋ።

የአስር ሶላት ደረሰ። ሽማግሌው ቦታቸውን ያውቃሉ፤ ሣሩ እዚያ ላይ ተደላድሏል። ቦቶቻቸውን አውልቀው ከኋላቸው አቆሙ፣ ጎን ለጎን፣ አፋቸው ወደ ላይ። በጀሪካኑ ውኃ ውዱእ አደረጉ፣ መስገጃውን ዘረጉ፣ ወደ ቂብላ ዞሩ። እኔ በሚሰግድ ሰው ፊት አይታለፍምና ወደ ጎን፣ ወደ ኋላቸው ራቅ ብዬ እርጥብ ሣር ላይ ተኛሁ። ሌንሱን ያወጣሁት ለምንም አልነበረም። እጄ ሥራ ፈቶ ስለማያውቅ ነው።

«አላሁ አክበር» አሉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ያን ጊዜ አስታው ተነቃነቀ።

ቡላ፣ ትልቅ፣ የከሳ ውሻ ወጣ። ሳሙናውን ለማስለቀቅ እበት ላይ ተንከባሎ ነበር መሰለኝ፣ ግማሽ ጎኑ አረንጓዴ ሆኗል። ቀዩ ሪባን ረጥቦ ከአንገቱ ተንጠልጥሏል። ሆዱ በአንድ ወገን አብጧል፤ ሲራመድ ያን ወገን ያስታምማል። አየኝ። እኔም ሕጌን ረስቼ ዓይን ለዓይን አየሁት። አለመጮሁ ገረመኝ፤ በኋላ ሳስበው ሶላት ስለሆነ ነው። ከሞፈሯ ርቀት ደረሰ፤ ቅድም በእጃቸው ያሳዩኝ ድንጋይ አጠገብ። አልቆመም።

አለፋት። መዳፉን አንድ በአንድ እያነሳ፣ ሣሩ እንኳ ሳይሰማ፣ መጥቶ ከሽማግሌው ኋላ ቦቶቹ አጠገብ ተቀመጠ። ከዚያ አፍንጫውን አንደኛው ቦት አፍ ውስጥ ከተተ፣ እስከ ዓይኑ ድረስ፣ ዓይኑንም ጨፈነ።

ሽማግሌው አጎነበሱ፣ ቀና አሉ፣ ግንባራቸውን መሬት ላይ ደፉ። እሳቸው በተደፉ ቁጥር ውሻው ራሱን ከቦቱ ያወጣና ጀርባቸውን ያያል። ቀና ሲሉ ተመልሶ ይከታል። ጉሙ ዝቅ ብሎ ሁለቱንም ከሜዳው ለይቷቸው ነበር፤ በዓለም ላይ ያሉት እነሱ ብቻ ይመስሉ ነበር። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ስንት ንግሥ፣ ስንት ቁርባን፣ ስንት ሠርግ አንስቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ስግደት ግን አይቼ አላውቅም። በደረቴ እንደተኛሁ «እግዚኦ» አልኩ። ካሜራዬ ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ቢኖረው ኖሮ አልነካውም ነበር። ጥቂት ብቻ አነሳሁ፣ ከዚያ በኋላ ሌንሱ ውስጥ የሚታየኝ ሁሉ በእንባዬ ደበዘዘ።

ግን ከሁሉ ያስደነገጠኝ መጨረሻው ነው። ሽማግሌው ለመጨረሻው ተቀመጡ። ውሻው መጨረሻው መሆኑን አወቀ። እንዴት እንዳወቀ አትጠይቁኝ። አፍንጫውን ቀስ ብሎ አወጣ፣ ተነሣ፣ ወደ ድንጋዩ ተመለሰና ተኛ። ሽማግሌው ሶላቱን ሊዘጉ ወደ ቀኝ አሰላመቱ፣ ወደ ግራ አሰላመቱ፣ ዞሩ። ውሻቸው አንድ ሞፈር ርቀት ላይ፣ እንደ ሁልጊዜው ተኝቷል።

«መጣህ?» አሉት። «አልሃምዱሊላህ። ኮቱ፣ መጣህ?»

ከኪሳቸው ዳቦ አውጥተው ወረወሩለት። ዳቦውን ከማንሳቱ በፊት ቀና ብሎ አያቸው። ያን ዓይን አነሳሁት። የታዘዝኩት ፎቶ እሱ ነበር፣ ሳልደክምበት በአንድ ጊዜ ተገኘ። እሳቸው ቦቶቻቸውን አጥልቀው ወደ በጎቹ ሄዱ፤ ስላየሁት ነገር ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ፎቶዎቹን አትሜ ስመለስ በሩ ላይ ያገኘሁት ምራታቸውን ነው። ዓይኑ የሚታይበትን አሳየኋት፣ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሌላውን ሳሳያት አፏን ያዘች።

«ማሎ፣ እባክሽ ይህን እንዳታሳዪያቸው» አለችኝ። «የውሻ ምራቅ ነጀሳ ነው፣ ያረክሳል። ጫማቸው ውስጥ ነው እኮ አፉን የከተተው! ካወቁ ከሜዳው ያስቀሩታል፤ እቤት ይታሰራል። ታስሮ ይሞታል።»

እውነቷን ነው። እኔም መንገዱን ሙሉ ሳስበው የመጣሁት ያንኑ ነው። ፎቶውን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት። የቀረችው ጊዜ ጥቂት ናት፤ ለምን በእኔ ጉራ ትበላሽበት? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ሽማግሌው ከአጥሩ ሥር ድንጋያቸው ላይ ነበሩ፣ ውሻው ደግሞ ያችኑ ርቀት ጠብቆ። ትንሿን ፎቶ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ብዙ አዩዋት፤ ከዚያ ቀና ብለው ውሻውን አዩ፣ ተመልሰው ፎቶዋን አዩ። «እሱ ነው» አሉ። «ልክ እሱ ነው። ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ ልጄ፣ አላህ ያክብርሽ።» በጨርቅ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት። ደስ አለኝ፣ ልሄድም ተነሣሁ።

«ያን ቀን ስሰግድ አንቺ ካሜራሽን ይዘሽ ተኝተሽ ነበር» አሉኝ። «ውሻው ያን ጊዜ ገና አልመጣም ብዬ ነው። ታዲያ ምን ስታነሺ ነበር?»

ምራታቸው ከኋላቸው ቆማ በዓይኗ ለመነችኝ። መዋሸት ግን አልሆነልኝም። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፣ አራቁ። የራሳቸው ጀርባ፣ የተደፋ ግንባራቸው፣ ከኋላቸው ደግሞ ቀና ብሎ የሚያያቸው ውሻ፣ ቦቱ ላይ የተጋደመ አገጭ።

«ሁልጊዜ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ ያየሁት አንድ ቀን ነው አባባ። አመጣጡ ግን የለመደ ሰው አመጣጥ ነው።»

«የሚሰግድ ሰው ወደ ኋላ አይዞርም» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «አልዞርኩም። አንድም ቀን አልዞርኩም።» ከዚያ ጎንበስ ብለው ቦቶቻቸውን ከእግራቸው መነጨቁ፣ ምራታቸውንም ውኃ እንድታመጣ አዘዟት።

አበቃ፣ አልኩ በልቤ። ምራታቸው እንስራዋን ይዛ መጣች። ሽማግሌው ከአጥሩ ሥር አፈር ዘግነው ቦቶቹን ከውስጥም ከውጭም አሹዋቸው፣ በውኃ አጠቧቸው፣ ደግመው አጠቧቸው፣ እንደገና ደጋገሙት፤ ሥርዓቱ እንደሚያዘው፣ አንዲት ሳያጓድሉ፣ ሳይቸኩሉ። ውሻው ራሱን መዳፉ ላይ አድርጎ ያያቸዋል። እኔ ያመጣሁትን ፎቶ መልሼ ብነጥቃቸው ደስ ባለኝ።

ሲጨርሱ ቦቶቹን አራገፉና ወደ ውሻው ዞሩ። ከእሱ ጋር እንደ ሰው ሲነጋገሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

«ከእንግዲህ በየቀኑ ልታሳጥበኝ ነዋ» አሉት። አፍንጫቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። «ይሁን። ውኃም ሞልቷል፣ አፈርም ሞልቷል።»

የአስር ሶላት ሲደርስ እዚያው ግቢው ዳር መስገጃቸውን ዘረጉ። ቦቶቹን ከሚያስቀምጡበት ትንሽ ወደ ኋላ፣ ውሻው ወደተኛበት አስጠጓቸው። አቆሟቸው፣ አዩዋቸው፣ አልወደዱትም መሰለኝ፤ አጋደሟቸውና የቦቶቹን አፍ ወደ ውሻው አዞሩለት። ከዚያ ወደ ቂብላ ዞረው ቆሙ፣ ወደ ኋላም አልዞሩም።